ለትንሽ ሞተር ክላች ከመግዛታችሁ በፊት ክራንክሻፍቱን እንዲህ ለኩ

ትንሽ ሞተር ላይ ክላች ለመግጠም ሲሞከር ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከአንድ ቦታ ነው። ሰው የሞተሩን የፈረስ ጉልበት ይጠይቃል፤ የክራንክሻፍቱን (ከሞተሩ ወጥቶ የሚዞረውን ዘንግ) ውፍረት ግን አይለካም። «ለ6.5 ፈረስ ጉልበት የሚሆን ክላች» ብሎ ይገዛል። ሲሞክረው ክላቹ ወይ አይገባም፣ ወይ ልል ብሎ ይገባል።

አለመግባቱ ይሻላል። ያልገባ ክላች ይቀየራል። ልል ብሎ የገባው ግን ሥራ ይጀምርና ክራንክሻፍቱን ይበላዋል። ርካሽ ሞተር ላይ ክራንክሻፍት ተበላሸ ማለት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሞተሩ ተበላሸ ማለት ነው።

እዚህ የማወራው ስለ ሴንትሪፉጋል ክላች ነው። ሞተሩ ዙር ሲጨምር በራሱ የሚይዝ፣ ሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጠው የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ላይ ሲሆን የሚለቅ፣ ጎካርትና ትንንሽ ባለ ሞተር ተሽከርካሪዎች ላይ የሚታሰረው ዓይነት ነው። ውስጡ ቀላል ነው። መሃሉ ከክራንክሻፍቱ ጋር ይዞራል። መሃሉ ላይ በሞላ የተያዙ ጫማዎች አሉ። ዙር ሲጨምር ጫማዎቹ ወደ ውጭ ይወጡና ታምቡሩን ይይዛሉ። ታምቡሩ ላይ ያለው ስፕሮኬት (ባለ ጥርስ ጎማ) ደግሞ ሰንሰለቱን ይጎትታል።

ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አዘጋጁ፦ ካሊፐር (ባለ መንጋጋ የውፍረት መለኪያ)፣ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት፣ ንጹህ ጨርቅ፣ ቀጭን ሽቦ፣ ጫፉ የሾለ እርሳስና ማስታወሻ ደብተር። ደብተሩን አትናቁት። ብዙ ቁጥር ትይዛላችሁ፤ በቃል የተያዘ ቁጥር ሱቅ ሲደረስ ይምታታል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሞተሩ ይቀዝቅዝ። የካንዴላውን ኮፍያ ንቀሉና ካንዴላውን እንዳይነካ ራቅ አድርጉት። ክራንክሻፍቱን በእጃችሁ ስታዞሩ ሞተሩ ሊነሳ ይችላል፤ ለዚህ አንድ ዙር ይበቃዋል።

1. ክራንክሻፍቱን አጽዱ

ከፋብሪካ የወጣ ሞተር ክራንክሻፍቱ ላይ ዝገት መከላከያ ቅባት አለው። የቆየ ሞተር ደግሞ ዝገት ይዟል። ሁለቱም ልኬቱን ያሳስታሉ። ቅባቱን በጨርቅ ጥረጉ። ዝገት ካለ ብርጭቆ ወረቀቱን እንደ ጥብጣብ ቆርጣችሁ ክራንክሻፍቱ ላይ ጠቅልሉና በቀስታ ዙሪያውን አሹ። የሚያብለጨልጭ ብረት ሲታይ አቁሙ። ከዚያ በላይ መፈግፈግ ብረቱን መቀነስ ነው።

ብናኙ በዘይት ማኅተሙ በኩል እንዳይገባ፣ ክራንክሻፍቱ ከሞተሩ በሚወጣበት ቦታ ላይ ቀድማችሁ ጨርቅ ጠቅልሉ።

2. ቅርጹን እዩ

ክላች የሚቀበለው ቀጥ ያለና ቦይ ያለው ክራንክሻፍት ብቻ ነው። ከጎን ሆናችሁ ተመልከቱ። ከሥር እስከ ጫፍ ውፍረቱ አንድ ከሆነ፣ በርዝመቱ ቦይ ከተቀረጸበትና ጫፉ ላይ የብሎን ቀዳዳ ካለው ቀጥሉ።

ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ከሆነ ሞተሩ ለጄነሬተር የተሠራ ነው። ጫፉ ከውጭ በኩል የብሎን ጥርስ ካለው ለውሃ ፓምፕ የተሠራ ነው። በሁለቱም ላይ ይህ ክላች አይገጥምም። በሞረድ ወይም በቶርኖ ላስተካክለው አትበሉ። ክራንክሻፍቱ ሞተሩ ውስጥ እያለ በእጅ የተሞረደ ብረት መሃሉን አይጠብቅም። ወይ ሞተሩን ለውጡ፣ ወይ ትክክለኛ ክራንክሻፍት አስገቡለት።

3. ውፍረቱን ለኩ

ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፤ አትቸኩሉ።

መጀመሪያ የካሊፐሩን መንጋጋ ዘግታችሁ ዜሮ ማሳየቱን አረጋግጡ። ከዚያ ክራንክሻፍቱን ሦስት ቦታ ለኩ፦ ጫፉ አጠገብ፣ መሃሉ ላይ፣ ሥሩ አጠገብ። በእያንዳንዱ ቦታ አንዴ ከለካችሁ በኋላ ካሊፐሩን ሩብ ዙር አዙራችሁ ድገሙ። መንጋጋው ቦዩ ላይ እንዳያርፍ ተጠንቀቁ። ስድስቱንም ቁጥር ጻፉ።

አነስተኛ ሞተሮች ላይ የምታገኙት ልክ ከእነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል፦

15.88 ሚሊሜትር (5/8 ኢንች)፦ በጣም ትንንሾቹ ላይ።
19.05 ሚሊሜትር (3/4 ኢንች)፦ 168ኤፍና 170ኤፍ የሚባሉት የሞተር ዓይነቶች ላይ በብዛት።
20 ሚሊሜትር፦ እነዚሁ ሞተሮች ላይ፣ ሜትሪክ ሆነው ሲመጡ።
25 ሚሊሜትር ወይም 25.4 ሚሊሜትር (1 ኢንች)፦ ትልልቆቹ፣ 188ኤፍና 190ኤፍ ላይ።

ልብ በሉ፦ አንድ ዓይነት ስም ያለው ሞተር በሁለት ዓይነት ክራንክሻፍት ይወጣል። ሆንዳ ጂኤክስ160 ራሱ በ19.05ም በ20ም ይሠራል። በእሱ አምሳል የተሠሩት ርካሾቹም እንደዚያው ናቸው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ክራንክሻፍቱን አይተካም።

የ20 ክራንክሻፍት ወደ 19.05 ቀዳዳ አይገባም። ይህ ግልጽ ነው። አደጋው ተቃራኒው ነው። የ19.05 ክራንክሻፍት ወደ 20 ቀዳዳ በደንብ ይገባል፤ ደስ ብሎት ይገባል። በመካከል ወደ 1 ሚሊሜትር የሚጠጋ ክፍተት አለ። የ25 ክራንክሻፍት በ25.4 ቀዳዳ ደግሞ ይብሳል፤ ክፍተቱ 0.4 ብቻ ስለሆነ በእጅ ሲነኩት የገጠመ ይመስላል። ሞተሩ ሲነሳ ግን ክላቹ ከመሃል ወጥቶ ይወዛወዛል፤ ኪዩን (ቦዩ ውስጥ ገብታ ክላቹን የምታዞረውን ትንሽ ብረት) እየመታ ቦዩን ያሰፋዋል።

እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ይህን ክፍተት በቆርቆሮ ቁራጭ ሞልቼ ገጥሜአለሁ። ክላቹ ሲገባ ጥብቅ ነበር። ትንሽ ከሠራ በኋላ ቆርቆሮው ተቀድዶ ወጣ። የክራንክሻፍቱ ቦይ አንዱ ግድግዳ ተጠቅልሎ ነበር። ያን ሞተር መልሼ አልተጠቀምኩበትም።

በሱቅ የሚሸጥ እጅጌ (ክፍተት የሚሞላ ቱቦ) ይሠራል፤ ግን ግድግዳው በቂ ውፍረት ሲኖረው ነው። ከ19.05 ወደ 25.4 የሚያሻግር እጅጌ ግድግዳው ከ3 ሚሊሜትር በላይ ነው፤ ይሆናል። ከ19.05 ወደ 20 የሚያሻግር ግን ግማሽ ሚሊሜትር እንኳን አይሞላም። ያ እጅጌ ሳይሆን ወረቀት ነው። ክላቹን ቀይሩት።

ካሊፐር ከሌላችሁ። ቀጭን የወረቀት ጥብጣብ ክራንክሻፍቱ ላይ አንድ ዙር አጥብቃችሁ ጠቅልሉ። የሚደራረብበትን ቦታ በሾለ እርሳስ ምልክት አድርጉ። ዘርግታችሁ በማስመሪያ ለኩ። ወደ 50 ሚሊሜትር ከሆነ 15.88 ነው። ወደ 60 ከሆነ 19.05 ነው። ወደ 63 ከሆነ 20 ነው። ይህ ዘዴ 19.05ን ከ20 በደንብ ይለያል። 25ን ከ25.4 ለመለየት ግን ልዩነቱ 1.3 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ አትመኑት፤ ካሊፐር ተዋሱ።

ስድስቱ ቁጥሮች ካልተስማሙ። የመሃሉ ከጫፉ ከ0.05 በላይ ቀጥኖ ከተገኘ ቀድሞ የታሰረ ክላች ወይም ፑሊ በልቶታል። በአዲስ ክላች አይስተካከልም።

4. ኪዩንና ቦዩን ለኩ

ኪይ የምትባለው አራት ማዕዘን ትንሽ ብረት ክላቹን ከክራንክሻፍቱ ጋር የምታዞር ናት። የቦዩን ስፋት በካሊፐሩ የውስጥ መለኪያ ለኩ። በ19.05 ክራንክሻፍት ላይ አብዛኛውን ጊዜ 4.76 (3/16 ኢንች) ታገኛላችሁ። በ25.4 ላይ 6.35 (1/4 ኢንች) ነው። በሜትሪኮቹ ላይ ሙሉ ሚሊሜትር ይሆናል፤ ገምታችሁ ሳይሆን ለክታችሁ ጻፉ።

4.76 ኪይ በ5 ቦይ ውስጥ ይገባል፤ ግን ይጫወታል። ጋዝ ስትሰጡ ወደ አንድ ጎን፣ ስትለቁ ወደ ሌላው ይመታል። ቦዩን የሚገድለው ይህ ምልልስ ነው።

ቁመቷንም እዩ። ኪዩ ቦዩ ውስጥ ተኝታ ክላቹ ሲገባ ከላይዋ ጥቂት ክፍተት መኖር አለበት። ከረዘመች ክላቹን ወደ አንድ ጎን ገፍታ ከመሃል ታወጣዋለች። ኪይ መሸከም ያለባት በጎኖቿ ነው፤ በጭንቅላቷ አይደለም።

በምስማር ወይም በብየዳ ዘንግ ቁራጭ አትተኩ። ክብ ብረት ቦዩን የሚነካው በመስመር ብቻ ስለሆነ ይቆርጠዋል።

5. የጫፉን ብሎን ለዩ

ክላቹን የሚይዘው ክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ የሚገባ ብሎን ነው። በ19.05 ክራንክሻፍት ላይ ብዙውን ጊዜ 5/16 ኢንች፣ በአንድ ኢንች 24 ጥርስ ያለው ነው። በሜትሪኩ ላይ 8 ሚሊሜትር ይሆናል። ውፍረታቸው 7.94 እና 8 ነው። በዓይን አይለዩም።

የሚለያቸው ጥርሱ ነው። ከሞተሩ ጋር የመጣ ብሎን ካለ አሥር የጥርስ ክፍተት ቁጠሩና ለኩ። 10.6 ሚሊሜትር ከሆነ የኢንቹ ነው። 12.5 ከሆነ የተለመደው ባለ 8 ሚሊሜትር ነው።

ብሎን ከሌለ በጣታችሁ ብቻ ሞክሩ። ትክክለኛው ብሎን በጣት እስከ ውስጥ ይገባል። የተሳሳተው ሁለት ዙር ያህል ገብቶ ይነክሳል። ሲነክስ መፍቻ አታምጡ። በመፍቻ የገባ ብሎን የክራንክሻፍቱን ጥርስ ይልጠዋል፤ ያ ቀዳዳ ተመልሶ ጥርስ ማስያዝ ይጠይቃል።

6. ርዝመቱን ለኩ

ሦስት ርዝመት ያስፈልጋችኋል። አንደኛ፣ ክራንክሻፍቱ ከትከሻው (ወፈር ከሚልበት ቦታ) እስከ ጫፉ። ሁለተኛ፣ የብሎኑ ቀዳዳ ጥልቀት፤ ሽቦውን እስኪቆም አስገብታችሁ ምልክት አድርጉበት። ሦስተኛ፣ የክላቹ መሃል ርዝመት፤ ይህን ሻጩን ጠይቁ ወይም ራሳችሁ ለኩ።

የምትፈልጉት ይህ ነው፦ ክላቹ ትከሻው ላይ ሲያርፍ የክራንክሻፍቱ ጫፍ ከክላቹ መሃል ውስጥ 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ገባ ብሎ መቅረት አለበት። ያን ጊዜ ብሎኑ ሲጠብቅ ሮንዴላው ክላቹን ይጫናል። ክራንክሻፍቱ ከክላቹ ወጣ ካለ ግን ሮንዴላው ክራንክሻፍቱን ይጫናል፤ ብሎኑ የጠበቀ ይመስላል፣ ክላቹ ግን ወዲያ ወዲህ ይላል። መፍትሔው ከትከሻው በኩል ወይም ከሮንዴላው ሥር የመሙያ ቀለበት መጨመር ነው።

የብሎኑ ርዝመት ቢያንስ 10 ሚሊሜትር ክራንክሻፍቱ ውስጥ እንዲገባ፣ ግን ሥሩን እንዳይነካ ይሁን። ሥሩን ነክቶ የቆመ ብሎን ምንም አልያዘም።

7. ሰንሰለቱንና ዙሩን አስቡ

ክራንክሻፍቱ ቢገጥምም ስፕሮኬቱ ከሰንሰለቱ ጋር ካልተስማማ ዋጋ የለውም። ያላችሁን ሰንሰለት ወጥራችሁ ከአንዱ ፒን መሃል ተነሥታችሁ አሥር እርምጃ (ከፒን እስከ ፒን) ለኩ። 95 ሚሊሜትር ከሆነ ቁጥር 35 ነው። 127 ከሆነ 40፣ 41 ወይም 420 ነው። እነዚህን ሦስቱን የሚለየው የውስጥ ስፋታቸው ነው፦ 40 ወደ 8 ሚሊሜትር፣ 41 እና 420 ወደ 6.4። ጠባቡ ሰንሰለት በ40 ስፕሮኬት ላይ አይገባም።

ክላቹ የሚይዝበት ዙር ከሞተሩ ሚኒሞ በላይ መሆን አለበት። የእነዚህ ሞተሮች ሚኒሞ በደቂቃ ወደ 1400 ዙር አካባቢ ነው። የተለመዱት ክላቾች ከ1800 እስከ 2200 ባለው መካከል መያዝ ይጀምራሉ። ሚኒሞውን ከፍ አድርጋችሁ ከሆነ ክላቹ ሁልጊዜ እየፈገፈገ ይቃጠላል።

የጥርስ ብዛትም አለ። ክላቹ 10 ጥርስ፣ የኋላው 60 ከሆነ ውድሩ 6 ለ 1 ነው። በ3600 ዙርና 33 ሴንቲሜትር ዲያሜትር ባለው ጎማ ይህ በሰዓት ወደ 37 ኪሎሜትር ይሰጣል። ፍጥነት ፍለጋ የኋላውን ግማሽ ካደረጋችሁት ሞተሩ መነሻ ላይ አይችልም፤ ክላቹ ሳይዝ እየተንሸራተተ ይግላል። ጭነታችሁ ከባድ ከሆነ ወይም ዳገት ከበዛ ይህ ዓይነት ክላች ሳይሆን በቀበቶ የሚሠራው ቶርክ ኮንቨርተር ይሻላችኋል። እሱም ቢሆን የሚመረጠው በዚሁ ልኬት ነው።

8. ክላቹ ሲመጣ ደግማችሁ ለኩ

ከማሸጊያው አውጥታችሁ ቀዳዳውን በራሳችሁ ካሊፐር ለኩ። ማሸጊያው ላይ 3/4 ተብሎ 20 ውስጡ ሊኖር ይችላል። አንዴ ገጥማችሁ ከሞከራችሁት መመለሱ ይከብዳል።

9. መግጠም

ሀ. በክራንክሻፍቱ ቦይ ጠርዝ ላይ ጣታችሁን አሂዱ። የሚቧጥጥ ነገር ካለ በደቃቅ ሞረድ በስሱ አንሱት።

ለ. ክራንክሻፍቱን በጣም ስስ ቅባት ቀቡና ትርፉን ጥረጉ። ወደ ታምቡሩ ውስጥ የሚሾልክ ቅባት ጫማዎቹን ያንሸራትታል።

ሐ. ኪዩን ቦዩ ውስጥ አስተኙ። ክላቹን በእጅ ግፉ። ብዙ ክላቾች ስፕሮኬቱ ወደ ሞተሩ ወይም ወደ ውጭ ሆኖ መታሰር ይችላሉ። ቦታ ካላችሁ ወደ ሞተሩ አድርጉት፤ የሰንሰለቱ ጉተታ ለኩሽኔታው በቀረበ ቁጥር ክራንክሻፍቱ ያርፋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ክላቹን በመዶሻ አታስገቡ። ምቱ በክራንክሻፍቱ አልፎ የሚያርፈው ሞተሩ ውስጥ ያለው ኩሽኔታ ላይ ነው። በእጅ እምቢ ካለ አውጡና ምክንያቱን ፈልጉ፦ የቦይ ጠርዝ፣ የረዘመች ኪይ፣ ወይም የተሳሳተ ልክ። ከሦስቱ አንዱ ነው።

መ. ሮንዴላውንና ብሎኑን አስገቡ። ብሎኑ ላይ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው የብሎን ጥርስ ማጣበቂያ አድርጉ። የጎን ቪት ካለው ኪዩ ላይ እንዲያርፍ አድርጋችሁ አጥብቁ።

ሠ. ታምቡሩን በእጅ አዙሩ። በነፃ መዞር አለበት፣ ከሞተሩ አካል ወይም ከብሎኖቹ ራስ ጋር መነካካት የለበትም። ብሎኑ ሲጠብቅ ታምቡሩ ከቆመ ሮንዴላው በጣም ሰፊ ነው፤ ታምቡሩን ራሱን እየተጫነ ነው። ጠበብ ባለ ለውጡ።

ረ. ታምቡሩ የሚዞርበት ቡሽ (የብረት ቀለበት) ላይ ሁለት ወይም ሦስት ጠብታ የሞተር ዘይት አድርጉ። ከዚያ አይበልጥ። ሚኒሞ ላይ ታምቡሩ ቆሞ መሃሉ የሚዞረው በዚህ ቡሽ ላይ ስለሆነ ደረቅ ከሆነ ይነክሳል።

ሰ. ሁለቱ ስፕሮኬቶች በአንድ መስመር መሆናቸውን በቀጥተኛ ብረት አረጋግጡ። ሰንሰለቱ መሃሉ ላይ ሲጫኑት ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር ይላላ። የሰንሰለት መከለያውን ግጠሙ። ያለ መከለያ ሞተሩን አታስነሱ።

10. የመጀመሪያው ማስነሳት

የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሱና በጽኑ ደግፉ። የካንዴላውን ኮፍያ መልሱ። አስነሱ። ሚኒሞ ላይ ጎማው መቆም አለበት፤ በቀስታ ቢንፏቀቅ ችግር የለውም። ቀስ ብላችሁ ጋዝ ስጡ። ጎማው ያለ ምት መነሣት አለበት።

አጥፉ፣ የካንዴላውን ኮፍያ ንቀሉ፣ ብሎኑን እንደገና ፈትሹ። ከዚያ መሬት ላይ አውርዳችሁ አምስት ስድስት ጊዜ ከቆመበት ተነሡ፤ በየመካከሉ ይቀዝቅዝ። ጫማዎቹ የታምቡሩን ቅርጽ የሚይዙት በዚህ ነው። ታምቡሩን በእጅ አትንኩ፤ ሳታዩት እጅ የሚያቃጥል ሙቀት ይይዛል።

ችግር ሲመጣ

ክላቹ ሲዞር ይወዛወዛል። አጥፉና አውጡት። ክራንክሻፍቱ ላይ ቀይ ቡናማ ዱቄት ካለ ክላቹ ልል ነው። ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ። ዱቄት ከሌለ ኪዩ ረዝማ ይሆናል።

ሚኒሞ ላይ ጎማው ይጎትታል። መጀመሪያ ሚኒሞውን ቀንሱ። ካልተለወጠ የጫማ ሞላ ተሰብሯል ወይም ቡሹ ደርቋል።

የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ይወጣል፣ ታምቡሩ ሰማያዊ ሆኗል። እየተንሸራተተ ነው። የኋላውን ስፕሮኬት ትልቅ አድርጉ። በግማሽ ጋዝ እየጎተታችሁ አትቆዩ፤ ወይ ይያዝ ወይ ይለቅ።

ብሎኑ ደጋግሞ ይላላል። ሮንዴላው ክራንክሻፍቱን ነው ወይስ ክላቹን የሚጫነው? ደረጃ 6ን ድገሙ። ማጣበቂያ መጨመር ይህን አይፈታውም።

ክላቹ አልወጣ ብሎ ተጣብቋል። የጎን ቪቱን መፍታታችሁን አረጋግጡ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው። ከዚያ ዝገት የሚያላላ ዘይት ነፍታችሁ ሌሊቱን አሳድሩት። በጎታች መሣሪያ መሃሉን ይዛችሁ ጎትቱ። የታምቡሩን ከንፈር አትያዙ፤ ይጣመማል። ከኋላ በጠፍጣፋ መፍቻ አታንሡት፤ የዘይት ማኅተሙ እዚያው ነው ያለው፣ ከተቀደደ ሞተሩ ዘይት ማፍሰስ ይጀምራል።